በስልክ የተነገረ መርዶ

ኣምደሚካኤል የሞተው ማክሰኞ፣ ኅዳር 25 ቀን፣ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የግንባታ ዕቃ የሸጠባት የመገናኛዋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ወደቀ፣ ሆስፒታል ሲደርስ አልቆለት ነበር። የደም ግፊት ነው አሉ። ምን ይደረግ! ሰውዬው ጠዋት በቁርሱ ላይ "ጨው በዝቶበታል" ብሎ ተቆጥቶ ወጣ፣ ለምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለለት።

ሚስቱ አስመረት ወሬው ጉርድ ሾላ ቤቷ ሲደርሳት መሬት ላይ ተዘረረች። ጮኸች፣ ደረቷን ደቃች። ሴቶቹ ደጋግፈው ሲያነሷት ግን ከአፏ የወጣው የባሏ ስም አልነበረም።

"ለልጄ ማን ይንገርልኝ?" አለች። "ኧረ ለልጄ ማን ይንገርልኝ!"

ይህን የሰማ ጎረቤት ሁሉ አብሯት አለቀሰ። አንድ ልጇ ጀርመን ነዋ! ሰፈሩ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ ኣምደሚካኤልና አስመረት ሊባኖስ የሚባል ወንድ ልጅ አላቸው፣ ጀርመን ኢንጂነሪንግ ይማራል፣ ትምህርቱ ስለሚከብድ ለእረፍትም አይመጣም።

የምን ጀርመን! የአስመረት ልጅ ያለችው ሰሚት ነው። ከጉርድ ሾላ በታክሲ ሃያ ደቂቃ፣ መንገዱ ከተጨናነቀ አርባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሲወለድ ወንድ ነው ተባለ፣ ሊባኖስ ተብሎ ክርስትና ተነሳ፣ አደገ። ሃያ ዓመት ሲሞላ አንድ ቅዳሜ እናቱን ከወጥ ቤት ጠርቶ አስቀመጣትና፣ "እማ፣ እኔ ሴት ነኝ። ከልጅነቴም ሴት ነበርኩ፤ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው" አላት። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ስሟ ፊዮሪ ነው፤ ራሷ ናት የመረጠችው። አስመረት መጀመሪያ ያደረገችው በእሷ ቦታ ያለች እናት ሁሉ የምታደርገውን ነው። ጠበል ወሰደቻት። በዚያ ብርድ ሰባት ቀን አስጠመቀቻት። በሰባተኛው ቀን ልጅቷ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ "እማ፣ እኔ የመጣሁት አንቺ እንድታርፊ ብዬ ነው። እኔ እኮ አልታመምኩም" አለቻት። አስመረት ፎጣ አልብሳ፣ አቅፋ፣ ይዛት ተመለሰች። ሁሉም ነገር ገብቷት አይደለም፤ ብዙው እስከ ዛሬም አልገባትም። ግን ልጅ ከምታጣ ነገሩ ሳይገባት ቢቀር መረጠች።

ኣምደሚካኤል እንዲያ አልሆነም። አልጮኸም፣ እጁንም አላነሳም፤ ምነው በጮኸ! "እኔ ልጅ የለኝም" አለና ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ መልሶ ዜናውን ማየት ቀጠለ። ፊዮሪ በዚያው ሳምንት በአንድ ሻንጣ ወጣች። "ጀርመን ሄዷል" የሚለውን ወሬ የፈጠረው እሱ ነው። አስመረትም አብራው አወራችው፤ ለእሱ ክብር ብላ አይደለም፣ ልጇን ማንም እንዳይፈልጋት ብላ ነው። ፊዮሪን አንዴ መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ ሦስት ጎረምሶች አባረዋት፣ ጫማዋን ጥላ በባዶ እግሯ ነው ያመለጠችው። እንዲህ ያለ ነገር የሰማች እናት እንኳን ጀርመን፣ ጨረቃ ላይ ናት ብላም ትምላለች።

ታዲያ በየወሩ በ27 አስመረት ነጠላዋን አጣፍታ "ቦሌ መድኃኔዓለም ልሳለም" ትላለች። ትሳለማለችም፤ ቀጣፊ አይደለችም። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ራቅ ብሎ ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ ኬክ ቤት ትወጣለች። ፊዮሪ ጥጉን ይዛ ትጠብቃታለች። በኮምፒውተር የማስታወቂያ ሥራ ትሠራለች፣ ደንበኞቿ በቴሌግራም ብቻ ነው የሚያውቋት፣ አከራይዋ ደግሞ ዝምተኛ ናት፤ መልካም ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያወራሉ። እናትየው የልጇን እጅ እያገላበጠች ታያለች፣ ከስታ እንደሆነ ክንዷን ጨበጥ አድርጋ ትለካለች፣ ከዚያ ሰዓቱ ይሞላና ይለያያሉ።

በወር አንድ ሰዓት ተኩል ናፍቆት ያስወጣል እንዴ? ጭራሽ ያባብሰዋል እንጂ! አስመረት የሚያምራት ትልቅ ነገር አልነበረም። ልጇ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ቤቷ ገብታ ብታድር። ጠዋት ፊቷ አብጦ፣ ጸጉሯ ተበታትኖ ከመኝታ ቤት ስትወጣ ብታያት። ማንንም ሳታስፈቅድ ፍሪጁን ከፍታ ያገኘችውን ቆማ ስትበላ ብትቆጣት። ይኸው ነው። አንዳንዴ ገበያ ላይ ለሦስት ሰው የሚበቃ ሸምታ ወደ ቤት ትመለስና ሳህኑን ስታቀርብ ነው የሚገባት።

እንግዲህ ይቺ ሴት ናት አሁን ድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ግራ ቀኟን በሴቶች ተከባ፣ ልጇን እንዴት እንደምታገኝ ሐሳብ ያቃጠላት። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ልትሸና ብትነሳ እንኳ ሁለት ሰው ይከተላታል። ስልኳን ደግሞ ቲጂ ይዛዋለች። ቲጂ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት፤ እጇ ፈጣን፣ ልቧ ደግ፣ አፏ ከሁለቱም የሚቀድም።

"ቲጂዬ፣ ስልኬን አቀብይኝ" አለቻት ማክሰኞ ማታ።

"ለማን ልትደውይ ነው?"

"ለልጄ።"

"ኡኡቴ!" አለች ቲጂ፣ ስልኩን ጡት መያዣዋ ውስጥ ወሽቃ። "እትዬ አስመረት፣ አብደሻል እንዴ? ሰው የአባቱን መርዶ በስልክ ይነገረዋል? እዚያ ባዕድ አገር፣ ብቻውን፣ ማን ሊደግፈው? ራሱን ቢጥልስ? በሞቴ ይህን አታስቢው። ጋሽ ረታ መላ እየፈለጉ ነው።"

ጋሽ ረታ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈሩን ሐዘንና ድግስ እንደ መሥሪያ ቤት ነው የሚመሩት። መርዶ ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። መርዶ ማለት በማለዳ፣ ሰው ሳይወጣ፣ ሦስት አራት ሆኖ በር አንኳኩቶ፣ አስቀምጦ፣ ይዞ፣ አረጋግቶ የሚነገር ነው። እሳቸውም የታክሲው ሹፌር የኦላና ወንድም ፍራንክፈርት እንደሚኖር አስታውሰው፣ "በቃ፣ እዚያ ያሉትን አበሾች ይዞ ሄዶ ይነግረዋል" ብለው ደመደሙ።

"አድራሻውን ብቻ ስጪን፣ አስመረት።"

"ቤት ቀይሯል፣ ጋሽ ረታ" አለች አንገቷን ደፍታ።

"እናፈላልገዋለን! አይዞሽ፣ ልጅሽ ሜዳ ላይ አይወድቅም።"

ምነው በቸርነታቸው ባይደክሙ! አስመረት እየዋሸቻቸው እነሱ ይሮጡላታል። እውነቱን ትናገር? ማን ፊት? ሁለት መቶ ሰው ፊት? በነጋታው ረቡዕ ኣምደሚካኤል ተቀበረ። ከቀብር ሲመለሱ አንዲት ሴትዮ፣ "አይ ጋሼ፣ አፈር የሚያለብሰው ልጅ እንኳ ሳይደርስለት" ብላ አለቀሰች፣ አስመረትም አብራት አለቀሰች፤ እሷ ግን የምታለቅሰው በሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ሆና አባቷ መሞቱን ሳታውቅ ስለዋለች ልጅ ነው።

ሐሙስ 27 ሆነ። የቀጠሯቸው አራት ሰዓት አለፈ። አስመረት ኬክ ቤቱን በሐሳቧ አየችው፤ ፊዮሪ ጥጉን ይዛለች፣ ሻዩ ቀዝቅዞባታል፣ ደረጃውን ደረጃውን ታያለች። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ቲጂ ደረት ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ።

አስመረት ልጇን ስልኳ ላይ የመዘገበቻት "ፊዮሪ ልብስ ሰፊ" ብላ ነበር፤ ኣምደሚካኤል ድንገት ቢያየው እንዳይጠይቅ።

"ሄሎ! አቤት?" አለች ቲጂ፣ ከድንኳኑ መግቢያ ቆማ። ድምፅዋ እንኳን ድንኳኑን፣ ባቡር ጣቢያውንም ያዳርሳል። "አይ፣ እሷ አይደለሁም፣ ጎረቤቷ ነኝ። እ፣ ልብስ ሰፊዋ ነሽ! እህቴ፣ እትዬ አስመረት ሐዘን ላይ ናት። ባለቤቷ አርፈዋል እኮ። አዎ፣ ጋሼ ኣምደሚካኤል። ማክሰኞ፣ ድንገት። ትናንት ቀበርናቸው። የሰፋሽላት ልብስ ይቆይ፣ ከአርባው በኋላ መጥታ ትወስዳለች። ሄሎ? ሄሎ?"

ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አየችው። "ኤጭ፣ ይሄ ኔትወርክ! ተቋረጠባት" አለችና መልሳ ወሸቀችው።

አስመረት ያወጣችው ጩኸት ሰፈሩ በእነዚያ ቀናት ከሰማው ሁሉ የከፋ ነበር። ሴቶቹ ተንጋግተው ያዟት። "ሐዘኑ አሁን ነው የገባት" ተባባሉ፣ ውኃ ረጩባት። ለጀርመኑ ልጅ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ማለዳ ይመረጣል፣ ሰው ይዘጋጃል፤ ለእሷ ልጅ ግን ኬክ ቤት ውስጥ፣ እንግዳ ሰው መሃል፣ ከልብስ ወሬ ጋር ተቀላቅሎ ተነገራት። የያዛት አልነበረም። የተደገፈችው ምን ላይ ነው? ጠረጴዛው ላይ? ማን ውኃ ሰጣት? አስመረት ይህን እያሰበች መሸባት፣ ይህንኑ እያሰበች ነጋባት።

አርብ የድንኳኑ መጨረሻ ቀን ነው፤ ማታ ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ሰዉ ገባ ወጣ ሲል አስመረት ዓይኗን ከመግቢያው አላነሳችም። ትመጣ ይሆን? ባትመጣ ይሻላታል። ቢለይዋትስ? እንዳትመጪ ልጄ ትላለች፣ ወዲያው ደግሞ አንዴ ብቻ ባየኋት ትላለች። ሁለቱንም ከልቧ ነው የምትለው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። ጥቁር ቀሚስ፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ከማታውቃቸው ሦስት ሴትዮች ኋላ ተከትላ ገባች። ሴትዮቹ አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ አስመረትን አጽናኑ። ተራዋ ሲደርስ ፊዮሪም ጎንበስ አለች። እጇ እንደ በረዶ ነው። ዓይኗ ቀልቷል። ከጎን ቲጂ ቁጭ ብላለች፣ ከኋላ ሰው ይጠብቃል።

"እግዚአብሔር ያጥናዎት" አለቻት እናቷን።

ያጥናዎት! እንደ ባዳ፣ እንደ መንገደኛ! አስመረት እጇን አጥብቃ ያዘቻት። ፊዮሪ እጇን ቀስ ብላ አላቀቀችና ሄዳ ከመግቢያው አጠገብ የኋለኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንዷ የምስር ወጥ ያለበት ሳህን ሰጠቻት። ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አልነካችውም። አባቷ ቤት ደጃፍ ላይ እንባዋን እየዋጠች ተቀምጣለች፤ አብዝታ ካለቀሰች ሰው ማናት ይላላ!

"ይቺ ማን ናት?" አለች ቲጂ አንገቷን አስግጋ።

"ልብስ ሰፊዋ" አለች አስመረት።

"ውይ የሰው ደግ! በስልክ ነገርኳት እኮ፤ ይኸው መጣች።"

በዚሁ መሃል ጋሽ ረታ ኦላናን አስከትለው፣ ፊታቸው በርቶ ገቡ። ድንኳኑ መሃል ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሐዘን ቤት ደስ አለኝ አይባልም እንጂ፣ ልጁ ተገኝቷል" አሉ። "የኦላና ወንድም አበሻውን ሁሉ ጠያይቆ ደረሰበት። ሊባኖስ ይባላል፣ ከአዲስ አበባ ከዚሁ ከቦሌ በኩል ነው፣ ኢንጂነሪንግ ይማራል። ሌላ ማን ሊሆን! እሁድ ማለዳ አራት ሆነው በሩን ያንኳኩና አባትህ አረፉ ይሉታል። አይዞሽ አስመረት፣ አለቀ።"

ሴቶቹ ተመስገን አሉ። አስመረት አንገቷን ደፋች። የየትኛዋ ምስኪን እናት ልጅ ነው እሁድ ማለዳ በቁሙ ያለ አባቱን ሊያለቅስ የሚነሳው? ቀና ስትል ደግሞ ፊዮሪ ሳህኑን መሬት አስቀምጣ ተነስታለች። ነጠላዋን ሰብስባ ልትወጣ ነው። ወጣች ማለት ሄደች ማለት ነው፤ ድንኳኑ ማታ ይነሳል፣ ከዚያ የአርባው፣ የሰማንያው፣ የሙት ዓመቱ፣ ሁሉም ያለ እሷ ሊያልፍ ነው።

"ጋሽ ረታ፣ ይተዉት" አለች አስመረት። ከፍራሹ ተነሳች፣ ሦስት ቀን የታጠፈ እግሯ አልታዘዝ አላት፣ የቲጂን ትከሻ ተደግፋ ቆመች። "የሰው ልጅ አታስደንግጡብኝ። የእኔ ልጅ ሰምታለች።"

ድንኳኑን አቋርጣ ሄደች። ፊዮሪን መውጫው ላይ ክንዷን ያዘቻት።

"እማ፣ ተይ" አለች ፊዮሪ በሹክሹክታ። "እማ፣ በማርያም። ሰው አለ።"

"ይኑራ!"

እየጎተተች አመጣቻትና ፍራሹ ላይ፣ የራሷ ቦታ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች።

"የኣምደሚካኤል ልጅ ይቺ ናት። ሊባኖስ ብለን ያሳደግናት። ጀርመን የሚባል አገር ረግጣ አታውቅም፣ ሰሚት ነው ያለችው። ስሟ ፊዮሪ ነው። የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ፤ የምትሉት ካለ ለእኔ በሉኝ። እሷ ግን አባቷን ታልቅስ።"

ፊዮሪ ነጠላዋ ወደ ትከሻዋ ወረደ። የኣምደሚካኤል ግንባር፣ የኣምደሚካኤል አፍንጫ እዚያው ፊቷ ላይ ነበር፤ ያላወቃት ቢኖር እንኳ አሁን አወቃት። "አባዬ!" ብላ ጮኸች። ከትናንት ወዲህ ያልጮኸችው፣ ሦስት ዓመት ያልጠራችው በአንድ ላይ ወጣ። ልጅ ደርሶ አባቱን ሲጠራ ለቅሶ እንደ አዲስ ይነሳል፤ ሴቶቹም ሐሳባቸው ሳይከተላቸው አፋቸው ቀድሞ "ኡኡ" አለ፣ ድንኳኑ ተናወጠ። ከዚያ ነገሩ ሲገባቸው አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሁለት ሴትዮች ነጠላቸውን አራግፈው ወጡ። አንዷ አማተበች። ከወንዶቹ በኩል ጉምጉምታ ተነሳ።

ጋሽ ረታ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፊዮሪን አላዩዋትም፤ የሚያዩት መሬቱን ነው።

"ኦላና" አሉ፣ "ለወንድምህ ደውልለት፤ እሁድ እንዳይሄድ።" ከዚያ ወደ ድንኳን ተካዮቹ ዞሩ። "እናንተም፣ ድንኳኑ ዛሬ አይነሳም። ልጅ ገና አሁን መግባቱ ነው።" ይህን ብለው ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። ነገ ይመጡ አይመጡ አስመረት አላወቀችም።

ቲጂ እስካሁን አልተነቃነቀችም። አፏ እንደተከፈተ ነው። ድንገት ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

"በስልክ!" አለች። "ወይኔ ቲጂ! አባትሽ ሞተ ብዬ... ልብሱ ይቆይ አልኳት እኮ! ቆሜ! ልብሱ ይቆይ ብዬ!" ፊዮሪ እግር ላይ ወደቀች። ፊዮሪ ግራ ገብቷት፣ "ኧረ ተነሽ፣ አላወቅሽም" ብላ ደግፋ አነሳቻት፤ ሐዘንተኛዋ አጽናኝ ሆነች።

ሰዉ ሲሳሳ እናትና ልጅ ፍራሹ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቀሩ።

"እማ" አለች ፊዮሪ። "ጠርቶኝ ነበር?"

አስመረት አዎ ማለት ትችላለች። ማን ያጣራል? ግን መዋሸት ታክቷታል። "አልጠራሽም፣ ልጄ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስምሽ ከአፉ አልወጣም።"

ፊዮሪ ራሷን ነቀነቀች። የጠበቀችው መልስ ነው፤ ግን አመማት። "እኔ ግን ሱቁ ማዶ እየቆምኩ አየው ነበር" አለች። "ታክሲ የምጠብቅ መስዬ። በጥቅምት ደግሞ ደፈር አልኩና ገባሁ። መነጽርና ሻርፕ አድርጌ። ሩብ ኪሎ ምስማር ስጠኝ አልኩት።"

"ምን አለሽ?"

"ለምንድን ነው የፈለግሽው አለኝ። ሥዕል ልሰቅልበት ነው አልኩት። ይሄ ግድግዳሽን ይሰነጥቀዋል ብሎ ቀጭን ቀጭኑን መረጠልኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። መዘነና ከዚያ አንድ እፍኝ ሙሉ ጨመረበት።" እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "እማ፣ ለሰው ሁሉ እንዲያ ይጨምር ነበር?"

አስመረት የባሏን አመዛዘን ታውቃለች። ለእህቱ እንኳ አንዲት ምስማር ከልኩ አሳልፎ አያውቅም፤ የሱቁ ደንበኞች ቋጣሪ የሚሉት በዚያ ነው። የልጇን ጭንቅላት ወደ ደረቷ ሳበችው።

"ለማንም" አለች። "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ለማንም ጨምሮ አያውቅም።"